ከስትሮክ በኋላ ቃል ለጠፋባቸው ሰዎች የኦንላይን ጨዋታ፦ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ለማገዝ ዝርዝር መመሪያ

ስትሮክ መትቶት መናገር የተቸገረ ሰው ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጠያቂው ሁሉ ከታማሚው ጎን ተቀምጦ ከሌላው ሰው ጋር ይጫወታል። ወይ ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር ሦስት ሰው ተሻምቶ ይጨርስለታል። ሁለቱም ከክፋት የመጡ አይደሉም። ውጤታቸው ግን አንድ ነው። ሰውዬው ቀስ በቀስ ከጨዋታው ይወጣል። ስልኩ መጮህ ያቆማል፣ ወዳጅም ይቀንሳል።

አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ውስጥ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የተዘጋጁ የኦንላይን የውይይት ቡድኖች አሉ። በተለይ ከኮሮናው 2020 ወዲህ በዝተዋል። ጥቂት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ዙም ላይ ተገናኝተው ስለ ኳስ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዜና ይጫወታሉ። ቡድኖቹ እንዲቀጥሉ በጎ ፈቃደኛ ያስፈልጋል። ሥራው የሕክምና ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለእኛ ለሐበሾች የሚከብደንን ነገር ነው፤ ሰው ቃል ሲፈልግ አፍ ዘግቶ መጠበቅ።

ይህ መመሪያ የእንግሊዝኛ ቡድን ውስጥ ገብታችሁ ለማገዝ ለምታስቡም፣ በአማርኛ አንድ ትንሽ ቡድን ለመጀመር ለምትፈልጉም ነው። ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ችግሩን እወቁት

የዚህ ችግር ስም አፌዥያ ነው፤ የቋንቋ ችግር ነው። አብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚያቀናብረው በአንጎሉ ግራ ክፍል ነው። እዚያ ጋ ጉዳት ሲደርስ መናገር፣ የሰሙትን መረዳት፣ ማንበብና መጻፍ ይታወካሉ። ጉዳቱ አንዱን ከሌላው አብልጦ ሊጎዳ ይችላል። ዋናው መንስኤ ስትሮክ ነው። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አፌዥያ ይገጥማቸዋል። የጭንቅላት አደጋ፣ የአንጎል ዕጢና ኢንፌክሽንም ያመጡታል። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የነበረችው ጋቢ ጊፈርድስ አፌዥያ የያዛት በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት ከተመታች በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ቃሉን የሰማው በ2022 የተዋናይ ብሩስ ዊሊስ ቤተሰብ ይፋ ሲያደርጉት ነው። የእሱ ግን በዓመቱ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ መሆኑ ተነግሯል። ያ እየባሰ የሚሄድ የአንጎል ሕመም ነው። ከስትሮክ የመጣ አፌዥያ እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በዝግታ ሊሻሻል ይችላል። ቤተሰብ ሁለቱን እያምታታ ተስፋ ሲቆርጥ ስለምትሰሙ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ሁለት ዓይነት ተናጋሪ ይገጥማችኋል። አንደኛው ቃል የሚያጥረው ነው። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙ ፖል ብሮካ የመረመረው ሰው ከአፉ የሚወጣው «ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። የሚሉትን ግን ይረዳ ነበር። ሲናደድ ደግሞ አንዲት እርግማን ጥርት አድርጎ ያወጣ ነበር። ዛሬም እንደሱ ያሉ አሉ። «ልጅ... ትናንት... ሐኪም» ብለው ሙሉ ታሪክ ለመንገር የሚታገሉ ናቸው። ሁለተኛው እንደ ውኃ የሚፈሰው ነው። አረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ዜማው ትክክል ነው፣ ቃላቱ ግን የተሳሳቱ ወይም ጭራሽ የሌሉ ናቸው። ካርል ቨርኒከ ይህንን በ1874 ገልጾታል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የምትሉትን ለመረዳትም ይቸገራል፤ የተሳሳተ መሆኑንም ላያውቅ ይችላል።

ከሁለቱም ጋር ስትቀመጡ የምትይዙት አንድ ነገር ነው። ሰውዬው የሚያውቀው ከሚናገረው በጣም ይበልጣል። ስትሮኩ ሃሳቡን፣ ቀልዱን፣ ፖለቲካዊ አቋሙን፣ ኩራቱን አልወሰደበትም። የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

2. ቡድን ፈልጉና ተመዝገቡ

አሜሪካ ያላችሁ ከናሽናል አፌዥያ አሶሲዬሽን ጀምሩ። በ1987 የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ በየስቴቱ ያሉና በኦንላይን የሚካሄዱ ቡድኖችን የሚዘረዝር ማውጫ ይዟል። አፌዥያ ሪከቨሪ ኮኔክሽንም የታማሚዎችና የቤተሰብ ትልቅ ማኅበረሰብ አለው። ሊንግራፊካ የሚባለው ኩባንያ ቨርችዋል ኮኔክሽንስ በሚል ስም ነፃ የኦንላይን ቡድኖችን ያስተናግዳል። እንግሊዝ ያላችሁ ስትሮክ አሶሲዬሽንን ጠይቁ። በየከተማው የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የንግግር ሕክምና ትምህርት ክፍል ካላቸውም ብዙ ጊዜ ቡድን አላቸው።

ቶሮንቶ ያለውን አፌዥያ ኢንስቲትዩት ለብቻው ላንሳው። በ1979 የተመሠረተው ፓት አራቶ በምትባል ሴት ነው፤ ባለቤቷ በስትሮክ አፌዥያ ይዞት ነበር። እዚያ ትሠራ የነበረችው ኦራ ኬገን «የተደገፈ ጭውውት» የሚባለውን ዘዴ አዘጋጀች። በ2001 እሷና ባልደረቦቿ 20 የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞችን ካልሠለጠኑ 20 ጋር አነጻጸሩ። የሠለጠኑት የተሻለ መጫወት መቻላቸው አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። ምንም ሥልጠና ያልወሰዱት ታማሚዎችም ከሠለጠነ ሰው ጋር ሲሆኑ ሃሳባቸውን በተሻለ ሁኔታ ማስተላለፍ ቻሉ። ስለዚህ ሥልጠና የሚሰጥ ቡድን ምረጡ። «ዝም ብለህ ግባና አውራ» ከሚላችሁ ቡድን ራቁ።

ምዝገባው ቅጽ መሙላት፣ አጭር ቃለ መጠይቅና አብዛኛውን ጊዜ የወንጀል ሪከርድ ምርመራ አለው። አትቀየሙ፤ ተጋላጭ ሰው ባለበት ሁሉ የሚደረግ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ተመልካች ሆናችሁ ትገባላችሁ። ስትጠየቁ እናንተም ጠይቁ። ቡድኑን የሚመራው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይገባል? ከ4 እስከ 6 ጥሩ ነው፤ 12 ከሆነ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ችግር ሲፈጠር ለማን ነው የምደውለው?

«እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው» ብላችሁ ካመነታችሁ፣ ነገሩን ለአስተባባሪው ግልጽ አድርጋችሁ ንገሩና ሞክሩ። መረዳት ለሚከብደው ሰው እንግዳ አነጋገር ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ቀስ ማለትና መጻፍ ግን ብዙውን ያቃልለዋል። ደግሞም ሰው አገር የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈ ሰው፣ ሃሳቡ ሙሉ ሆኖ ቃሉ ሲያጥረውና እንደ ሞኝ ሲያዩት ምን እንደሚሰማ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

3. ስክሪኑን አዘጋጁ

ፊታችሁ ላይ ብርሃን ይኑር። መስኮት ከኋላችሁ ካለ ጥቁር ጥላ ነው የምትመስሉት። ካሜራው በዓይናችሁ ልክ ይሁን። ራቅ በሉና እጃችሁም እንዲታይ አድርጉ፤ የምትናገሩት በእጃችሁም ጭምር ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ቴሌቪዥን ዝጉ።

ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ወፍራም ጥቁር ማርከር ግዙ። ካጣችሁ ወረቀት ይበቃል። ዙም ላይ ስክሪን ሼር ስታደርጉ የሰዉ ፊት ይጠብባል፤ ስለዚህ ለአንዳንድ ቃል ሰሌዳውን አንስቶ ማሳየት ይሻላል። ጽሑፉ ለእናንተ ተገልብጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ለሌላው ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው።

አሁን ብዙዎች የማያስቡትን ልንገራችሁ። የግራ አንጎል ጉዳት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ቀኝ እጁ ይደክማል። አንዳንዱ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን አያይም። ኮምፒውተር ላይ የዙም ቻት የሚከፈተው በስተቀኝ ነው። ማንበብ ራሱ የሚከብደው ሰው በግራ እጁ ማውስ እየገፋ፣ በማያየው በኩል የሚሮጥ ጽሑፍ ሊከታተል አይችልም። ቻትን ለበጎ ፈቃደኞች ተዉት። ለተሳታፊዎች የሚጻፈው ትልቅ፣ አጭር፣ ስክሪኑ መሃል ወይም ወደ ግራ የተጠጋ ይሁን።

ሊንኩ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይሁን። በተቀየረ ቁጥር ሰው ይጠፋል። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ድንገት ሲጠፋ ሰዎቹ «ምን አጠፋሁ?» ብለው ይጨነቃሉ። ወይ የተከፈለበት አካውንት ይኑር፣ ወይ በ35 ደቂቃ ተሰነባበቱ። አንዱ በጎ ፈቃደኛ ጨዋታውን ሲመራ ሌላው ስልክ ይዞ ይጠብቅ። መግባት ላቃተው ደውሎ «ሰማያዊውን ይጫኑ» እያለ የሚያስገባው እሱ ነው።

4. ርዕስ አሰናዱ

ርዕሱ የአዋቂ ሰው ይሁን። ለ65 ዓመት ሰው የድመትና የኳስ ስዕል እያሳዩ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ፈተና ነው እንጂ ጨዋታ አይባልም። መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ አትጠይቁ።

አንድ ርዕስ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ፣ አምስት ያህል ቁልፍ ቃል፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ለአማርኛ ቡድን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ርዕሱ የሲድኒው 10 ሺህ ሜትር ይሁን፤ በእኛ መስከረም 1993፣ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት። ፎቶውን አሳዩ። ሰሌዳው ላይ «ኃይሌ / ቴርጋት / ሲድኒ» ብላችሁ ጻፉ። ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ሰፊ ይሂዱ። «አይተውታል?» በአውራ ጣት የሚመለስ ነው። «የት ሆነው አዩ? 1 ቤት፣ 2 ቡና ቤት፣ 3 ሥራ ቦታ» በጣት የሚመለስ ነው። ከዚያ «እስቲ ያን ቀን ንገሩን» ትላላችሁ። እንዲህ ሲሆን አንድ ቃል ብቻ ያለውም፣ ብዙ የሚናገረውም ቦታ ያገኛል። ቅዳሜ አርሴናልና ማንቼ ከተገናኙ ደግሞ ዝግጅት አያስፈልጋችሁም፤ የቡድኖቹን አርማ አሳዩና ገለል በሉ።

ርዕሱን ከአንድ ቀን በፊት ላኩ። ቃል ለማዘጋጀት ጊዜ የሚፈልግ ሰው አለ። ስለ ልጅ ሠርግ ከሆነ ፎቶ ይዞ ይመጣል።

5. ጨዋታው

ሰላምታ ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ሰላምታ በጥያቄ ላይ ጥያቄ የሚደራረብበት ነው። «እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ጤና እንዴት ነው?» አፌዥያ ያለበት ሰው ለመጀመሪያው መልስ ሳያዘጋጅ አራተኛው ይደርስበታል። አንድ ጠይቁና ቁሙ። ሌላም ወጥመድ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚሉት በልምድ የታተሙ ስለሆኑ ቀጥ ብለው ሊወጡ ይችላሉ። ይህን ሰምታችሁ «ኧረ በደንብ ይናገራሉ!» አትበሉ። ቀጣዩ አረፍተ ነገር ላይወጣ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አሞኛል ለማለት ፈልገው «ይመስገን» ብቻ ሊወጣላቸው ይችላል። ስለዚህ ፊታቸውን እዩ።

ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ግን በተለመደ ድምፅ። መስማት አይደለም ችግራቸው፣ አትጩኹ። አጫጭር አረፍተ ነገር ተጠቀሙ። እንደ ሕፃን አታባብሉ። ሰውዬው «ዳቦ» ስላለ «ጎበዝ!» አይባልም። ሽማግሌ ናቸው፤ «እሺ፣ ዳቦ። ከዚያስ?» በሉ።

ከዚያ ጠብቁ። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዙም ላይ ዝምታው ይረዝምባችኋል። ኔትወርክ የተቋረጠ ይመስላችኋል። ሰውዬው ዓይኑ እየሠራ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ተዉት። ቃሉን አውቃችሁት እንኳ ቢሆን አትቀድሙት። እርዳታ ከፈለገ ያሳያችኋል፤ ወይ «ልርዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አዎ ይላል፤ አንዳንዱ በእጁ ያስቆማችኋል። ሁለቱንም አክብሩ።

ቃሉ እምቢ ሲል ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ማወቁን መስክሩለት። «ምን ማለት እንደፈለጉ እንደሚያውቁ አውቃለሁ» የምትል አረፍተ ነገር ትከሻ ስታወርድ ታያላችሁ። ቀጥሎ መውጫ መንገድ ስጡ። ጽሑፍ፣ ስዕል፣ ካርታ፣ ፎቶ፣ እጅ፣ ምርጫ። በመጨረሻ የተረዳችሁትን መልሳችሁ አረጋግጡ።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ አባት እንዲህ አሉ እንበል፦ «ልጅ... አውሮፕላን... እእ... አራት።» «ልጅዎ ሊመጣ ነው አይደል? በአራት ሰዓት? እልልል!» ብላችሁ አትዝለሉ። ሰሌዳው ላይ «ልጅ / አውሮፕላን / 4» ጻፉና አሳዩ። «ልጅዎ 1 መጣ፣ 2 ሄደ፣ 3 ሊመጣ ነው» ብላችሁ በተራ ጻፉ፤ እያንዳንዱን አንብቡ። በአካል ቢሆን በጣቱ ይነካላችሁ ነበር። በስክሪን ላይ ግን ጣቱ የትኛውን እንደነካ ስለማታዩ ምርጫን ሁሉ ቁጥር ስጡት፤ በጣቱ ቁጥሩን ያሳያችሁ። እሳቸው 2 አሉ። «4ቱስ? 1 ሰዓት፣ 2 ቀን፣ 3 ሰው፣ 4 ሌላ።» ሁልጊዜ «ሌላ» ይኑር። እሳቸው 3 አሉ። «እሺ፣ ልጅዎ በአውሮፕላን ሄደ፤ ከቤተሰቡ ጋር አራት ሆነው። ልክ ነኝ?» ደቂቃዎች ፈጅቷል። ግን ታሪኩ የእሳቸው ነው። አሁን ቀጥላችሁ «ቤቱ ጭር አለብዎት?» ማለት ትችላላችሁ፤ ዋናው ጨዋታ ያ ነው።

ስለ «አዎ» እና «አይ» ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፌዥያ ያለበት ሰው «አይ» ለማለት ፈልጎ «አዎ» ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በቃል ብቻ አትመኑ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አሳዩ። በአሉታ አትጠይቁ። «አልበሉም?» ለሚለው «አዎ» ቢሉ አልበላሁም ነው ወይስ በልቻለሁ? ጤነኛም ያምታታል። «በልተዋል?» በሉ። ሌላው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት የእኛ «እህ» ናት። ዙም ድምፅ ስለሚያጣራ ላትሰማ ትችላለች፤ ቅንድብ ማንሳትም በትንሽ ስክሪን አይታይም። ሰውዬው መልሷል፣ እናንተ ግን አልደረሳችሁም። ካላያችሁ «ይቅርታ፣ አላየሁትም፤ በጣት ያሳዩኝ» በሉ።

ርዕስ ስትቀይሩ አሳውቁ። «አሁን ስለ ኳሱ ጨርሰናል። ቀጥሎ ምግብ» ብላችሁ አዲሱን ቃል ጻፉ። አለበለዚያ ግማሹ ሰው ገና ሜዳው ላይ ነው።

ቃል ሲሳሳቱ አታርሙ። «እህቴ» ለማለት «ሚስቴ»፣ «እሱ» ለማለት «እሷ» ይመጣል። ነገሩ ከገባችሁ እለፉት። ግር ካላችሁ ብቻ «እህትዎ ወይስ ባለቤትዎ?» በሉ። አንድ የተከበሩ እናት ታላቅን «አንተ» ሊሉ ይችላሉ። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ የግስ ጫፉ ነው የጠፋባቸው። ስድብም ሊያመልጥ ይችላል። የብሮካውን ሰው አስታውሱ። ሰውዬው ራሱ ከደነገጠ «ምንም አይደል» ብላችሁ ቀጥሉ፤ ከሳቀ ሳቁ።

ያልገባችሁን ገባኝ አትበሉ። እያስመሰሉ ራስ መነቅነቅ ወዲያው ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ አያምኗችሁም። «ይህቺን አልያዝኳትም። እንደገና እንሞክር ወይስ ቆይተን እንመለስባት?» በሉ። «ቆይተን» ካሉ ወረቀት ላይ ጻፉትና በእርግጥም ተመለሱበት።

የሚፈሰውን ተናጋሪ ማስቆም ያሳፍራል፣ ግን ማስቆም አለባችሁ። እጃችሁን ወደ ካሜራው ከፍ አድርጉ፣ ስሙን ጥሩ፣ የያዛችሁትን አንድ ነገር ጽፋችሁ አሳዩ። «ስለ ሐኪሙ ነው?» ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይረጋጋል።

6. የቤተሰቡ ነገር

ከታማሚው ጎን ባለቤት ወይም ልጅ ይቀመጣል። ጥያቄው ለአባት ይቀርባል፣ መልሱ ከልጅ ይመጣል። በእኛ ባህል ይህ ማክበርም ነው፤ አባት እንዳይቸገር ማሰብ ነው። ስለዚህ አታሳፍሯቸው። ከስብሰባው በፊት ደውላችሁ ሥራቸውን ንገሯቸው። መሣሪያውን ከፍተው፣ ውኃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ከካሜራው ወጣ ብለው ይቀመጡ። መሃል ላይ ከገቡም «እትዬ፣ አንድ አፍታ ከጋሼ ልስማና ወደ እርስዎ እመጣለሁ» በሉና በእርግጥም ኋላ ሂዱ። እነሱም የሚያወሩት አላቸው፤ ደክሟቸዋል። የሚቻል ከሆነ በወር አንድ ቀን ለአስታማሚዎች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይኑር።

ተራ ማከፋፈልም የእናንተ ሥራ ነው። የስም ዝርዝር ይዛችሁ ማን እንደተናገረ ምልክት አድርጉ። ዝም ያለውን በስሙ ጥሩት፤ ግን «ዛሬ ልስማ ብቻ» የማለት መብት አለው።

7. የማታልፉት መስመር

እናንተ ሐኪም አይደላችሁም። የምላስ ልምምድ አታዙ። ቤተሰቡ ጸበል ይዟቸው ቢሄድ አትከራከሩ፤ አትምከሩም። መድኃኒት ስለማቋረጥ ከተነሳ ግን «ሐኪሙን ሳያማክሩ አይሆንም» በሉና ለቡድኑ መሪ ንገሩ። ደም ግፊት የስትሮክ ዋና መንስኤ ስለሆነ በዚህ ቀልድ የለም። ከስትሮክ በኋላ ድብርት የተለመደ ነው። ሰው ሦስት ሳምንት ዝም ካለ፣ ካለቀሰ፣ መኖር እንደሰለቸው ከጠቆመ በዚያው ቀን ለመሪው አሳውቁ።

የእያንዳንዱን ተሳታፊ አድራሻ፣ የቅርብ ሰው ስልክና ያለበትን አገር የአደጋ ጊዜ ቁጥር ከፊታችሁ አስቀምጡ። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከወደቀ፣ ንግግር ከትናንቱ በድንገት ከባሰ አዲስ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እናንተ ሜሪላንድ ሆናችሁ 911 ብትደውሉ አዲስ አበባ አምቡላንስ አይሄድም። እዚያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እስራኤል 101፣ እንግሊዝ 999። መጀመሪያ እዚያው ቤት ላለው ሰው ደውሉ።

አትቅረጹ። ስክሪንሾት አታንሱ። «ለሌላው ትምህርት ይሆናል» ተብሎ ቲክቶክ ላይ የሚለጠፍ የሰው ድካም አለ፤ በፈቃድም ቢሆን እኔ አልደግፈውም። ሰውዬው ምን እንደፈቀደ በትክክል መረዳቱን ማረጋገጥ ራሱ ከባድ ነው።

8. በአማርኛ መጀመር ከፈለጋችሁ

ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ከስትሮክ በኋላ ሁለቱ ቋንቋዎቹ እኩል ላይመለሱ ይችላሉ። እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ጠፍቶ አማርኛው ሊቀር ይችላል፤ የተገላቢጦሹም አለ፤ ሁለቱ ሊቀላቀሉም ይችላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ዝም ይላል። የአማርኛ ቡድን ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቋንቋ ሲቀላቅሉ ዝም በሉ፤ ቃሉ በየትም ይምጣ።

በሦስት ወይም አራት ሰው ጀምሩ። አንድ የንግግር ሕክምና ባለሙያ በወር አንዴ እንዲያማክራችሁ ለምኑ። አገር ቤት ባለሙያዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ውጭ ያለ አማርኛ የማይችል ባለሙያም ቢሆን ይጠቅማችኋል። ማስታወቂያ ስትሠሩ «አፌዥያ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከስትሮክ በኋላ መናገር ለከበዳቸው» በሉ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበር ዘንድ አስነግሩ። ቤት የተደበቀውን ሰው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ማሟሟቂያ አላችሁ። መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ»፣ የሚታወቅ ዘፈን። በልምድ የተቀመጡ ነገሮች አንድ ቃል ለማውጣት ከሚታገል ሰው አፍ እንኳ ተያይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ድምፅን አብሮ መስማት ያስደስታል። ጸሎትም እንደዚያው ነው፤ ቡድኑ የተለያየ እምነት ካለው ግን ዘፈኑ ይሻላል። ማሟሟቂያው አምስት ደቂቃ እንጂ ሰዓቱን አይብላ።

ሰዓት ትልቁ ራስ ምታት ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በ7 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከቀኑ 7 ወይም 6 ሰዓት ነው። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከአዲስ አበባ እኩል ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዚያ ላይ በእኛ ሰዓት የሚቆጥርና በፈረንጅ የሚቆጥር አንድ ቡድን ውስጥ ይገኛል። ቁጥር የሚያምታታ ሰው ላይ ይህን አትጫኑበት። የሰዓት ፎቶ ከፀሐይ ወይም ከጨረቃ ስዕል ጋር ለእያንዳንዱ በሚኖርበት ሰዓት አዘጋጅታችሁ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ላኩ። ከአንድ ሰዓት በፊትም ደውሉ።

አገር ቤት ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮውን የሚያጠፋ ይኖራል። ፊት ሳይታይ ይህ ጨዋታ ግማሹን ያጣል። ስለዚህ የእነሱ ይጥፋ፣ የእናንተና የሰሌዳው ግን ይብራ። መብራት ከሄደና ሰው ከወጣ በማግስቱ ደውላችሁ የቀረውን ንገሩት።

ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ ያዙ። ማን መጣ፣ ምን ተነሳ፣ ለማን ምን ዘዴ ሠራ። «ጋሼ፦ በጽሑፍ ምርጫ ይመርጣሉ፣ ሲደክማቸው ያዛጋሉ፣ ኳስ ይወዳሉ» የምትል መስመር ለሚቀጥለው በጎ ፈቃደኛ ትልቅ ስንቅ ናት። ሥራ ወይም ትምህርት ይዟችሁ መተው ካለባችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፤ የመጨረሻውን ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ። የሚተካችሁንም ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ አብራችሁት ገብታችሁ አስተዋውቁት።